ባሕር ዳር ላላችሁ፦ እጁ የሚታመን የመኪና ኤሲ ባለሙያ

በሚያዝያ ሙቀት ባሕር ዳር ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ችግሬን ያውቀዋል። መስኮት ከተዘጋ ወበቁ አይቻልም። ከተከፈተ ቀን አቧራው፣ ማታ ደግሞ የሐይቅ ዳር ትንኝ አለ። ይህን ጽሑፍ ለምስጋናም ለጥቆማም ያዙልኝ።

የኛ መኪና የቆየች ኮሮላ ናት። ሞተሯ ሲሠራ መካኒኩ ኮምፕሬሰሩን (የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ፓምፕ) ከመንገዱ ለማንሳት የኤሲውን ቱቦዎች ፈታቸው። ሞተሩን አሳምሮ ሠርቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ቱቦዎቹን ግን «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ አፋቸውን በፌስታል አስሮ አስረከበኝ። ሌላ ጋራዥ ስጠይቅ «አምጣት፣ አጥብቀን ጋዝ እንሞላልሃለን» አሉኝ። ጎረቤቴ ይህን ሲሰማ «ተው፣ አንድ ልጅ አለ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ልጁ ሽምብጥ ያለው ግቢያችን ድረስ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ፌስታሉን ሲፈታ መጀመሪያ የነካው መፍቻውን አይደለም። ከቱቦው ጫፍ ላይ አሮጌውን ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ቀለበቱን፣ በጥፍሩ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ክብነቱ ጠፍቶ ተጠፍጥፏል፣ ጠርዙ ላይም ስንጥቅ ይታያል። «ጋሼ፣ ይችን መልሰን ብናስር የምንሞላው ጋዝ አይቆይም» አለኝ።

ብዙ ሰው ቱቦው ጋዝ የማያሾልከው ብሎኑ ስለጠበቀ ይመስለዋል። ጋዙን የሚይዘው ግን ይቺ ትንሽ ጎማ ናት። ከልክ በላይ ሲጠብቅ እንዲያውም ጎማው ይቆረጣል፣ የአሉሚኒየሙ ጥርስም ይበላል። ጎማውም ልኩ ስለገጠመ ብቻ አይሆንም። የኔ መኪና ጋዝ አር-134ኤ ነው፤ ኦሪንጉም ለዚህ ጋዝና ለዘይቱ የተሠራ መሆን አለበት። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ የሚገዛ የውሃ ኦሪንግ እዚህ ቦታ የለውም። ልጁ አዲሶቹን የኮምፕሬሰር ዘይት እየቀባ አስገባቸው። ግራሶ አይቀባም። ብሎኑን መጀመሪያ በጣቱ ብቻ አዞረው፣ ጥርስ ለጥርስ መያዙን እስኪያረጋግጥ። ከዚያ ሁለት መፍቻ አነሳ። በአንዱ የቱቦውን አንገት ያዘ፣ በሌላው ብሎኑን አጠበቀ። በአንድ መፍቻ ብቻ ከታገሉት ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል።

ድራየሩንም ቀየረው። ይህን ገንዘብ ማስወጫ እንዳትሉት። ድራየር ሥራው እርጥበት መምጠጥ ነው። ቱቦው ተከፍቶ ሲከርም የአየሩን እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል። ውስጥ የቀረ እርጥበት ደግሞ ቀዝቃዛው ቦታ ላይ በረዶ ሠርቶ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር ሲገናኝም አሲድ ሆኖ ውስጡን ይበላዋል።

ቀጥሎ ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት መጥጦ የሚያወጣውን ቫኪዩም ፓምፕ ሰካ። እኔ ኢንተርኔት ላይ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ ከዜሮ በታች ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ መድረስ አለበት የሚል አንብቤ ነበር። መርፌው 24 አካባቢ ሲቆም «ይቀረዋል እንዴ?» አልኩት። ሳቀ። «እሱ ባሕር ጠረፍ ላይ ላሉት ነው ጋሼ። እኛ 1,800 ሜትር ላይ ነን፣ አየሩ ራሱ ቀለል ይላል። ባሕር ዳር ላይ ከዚህ ብዙም አያልፍም» አለ። ይህን ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ፓምፑን ከግማሽ ሰዓት በላይ አሠርቶ ቫልቮቹን ዘጋና ቁጭ ብሎ መርፌውን ጠበቀ። ወደ ዜሮ መመለስ ከጀመረ የሆነ ቦታ አየር ያስገባል ማለት ነው። አልተንቀሳቀሰም።

ጋዙን ሲሞላ ጣሳውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ ኮፈኑ ስር የተለጠፈውን የግራም መጠን እያየ ነው። በግምት አይሞላም። መነጽር አድርጎ ልጆቼንም «እናንተ ወደዚያ» ብሎ አራቃቸው። ይህ ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላ ነው። ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ከተረጨ በቅዝቃዜው ይጎዳል።

መፍቻ መያዝ የምትችሉ ሰዎች ኦሪንግ ቀይራችሁ ቱቦውን ራሳችሁ ብታስሩ አልቃወምም። እሱም አይቃወምም፤ እንዴት እንደሚታሰር ሳይሰስት አሳይቶኛል። ቫኪዩሙንና ጋዙን ግን ለሱ ተዉለት። ቱቦው ውስጥ ጋዝ ካለም ጨርሶ እንዳትፈቱት፣ መጀመሪያ በማሽን መውጣት አለበት።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ሰዓት አያከብርም። «ደረስኩ» ሲል ገና ከቤቱ አልወጣም። ዋጋውም ርካሽ አይደለም፣ ግን ከመጀመሩ በፊት የዕቃውንና የእጁን ለይቶ ይነግራችኋል። ያወጣውን አሮጌ ዕቃም ሳይጠየቅ ያስረክባል።

ከዚያ ወዲህ እናቴን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ሄጃለሁ። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነጠላዋን ተከናንባ «ኧረ ቀንሰው፣ ልታሳምመኝ ነው?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ ትቼዋለሁ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሑድ ግን አትድከሙ፣ አያነሳም።