አንሲብል ከዘጠኝ ወር አጠቃቀም በኋላ፦ ቫሪያብል የት ይቀመጥ?

አንሲብልን፣ ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያዋቅረውን መሣሪያ፣ የሚያሞግስ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሰርቨሮቹ ላይ ኤጀንት (ትእዛዝ የሚቀበል ረዳት ፕሮግራም) መጫን አለማስፈለጉን ነው። ልክ ነው፤ ኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) እና ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ካሉ ሥራው ይጀመራል። ይሁንና ይህ ደስታ ከመጀመሪያው ሳምንት ብዙ አያልፍም። ሰርቨሩ ሲበዛ፣ ሮሉም (ለአንድ አገልግሎት የተዘጋጀው የሥራ ጥቅል) ሲደራረብ፣ መሣሪያው የሚወደደውም የሚጠላውም በቫሪያብሎቹ፣ ማለትም ስም በተሰጣቸው እሴቶች ነው። ዘጠኝ ወር ከተሠራበት በኋላ የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፦ የቫሪያብል አሠራሩ ጉልበት አለው፣ ልጓም ግን የለውም። ልጓሙን የምታበጁለት እናንተ ናችሁ።

የስም አወጣጥ ደንቡ አያስቸግርም። ፊደል፣ ቁጥርና አንደርስኮር ይፈቀዳል፤ በቁጥር መጀመርና ሰረዝ ማስገባት አይቻልም። ደንቡ ባያስገድድም፣ እያንዳንዱን ስም በሮሉ ስም ማስጀመር ያዋጣል። ለኤንጂንኤክስ ዌብ ሰርቨር ሮል «ፖርት» ከማለት «ኤንጂንኤክስ_ፖርት» ማለት ይሻላል፤ ግሩፕ ቫርስ (ለሰርቨሮች ቡድን የሚጻፉ ቫሪያብሎች) ላይ «ፖርት»ን 8080 ካላችሁት በዚህ ስም የሚጠቀሙ ሮሎች ሁሉ አብረው ይዛወራሉና።

ዋናው ጉዳይ ቅድሚያው ነው። አንድ እሴት ሊመጣባቸው የሚችሉ 22 ደረጃዎች አሉ፤ ያው ስም በብዙ ቦታ ከተገለጸ ከፍ ያለው ደረጃ ያሸንፋል። ሃያ ሁለቱንም መሸምደድ ከንቱ ድካም ነው። ይልቅ ይህን ሰልፍ ያዙ፦ ከታች የሮሉ ዲፎልትስ (መነሻ እሴቶቹ)፣ በላዩ ግሩፕ ቫርስ፣ ከዚያ ሆስት ቫርስ (ለአንድ ሰርቨር ብቻ የሚጻፈው)፣ ከዚያ ፕሌዩ (የትኞቹ ታስኮች፣ ማለትም የሥራ እርምጃዎች፣ በየትኞቹ ሰርቨሮች ላይ እንደሚሠሩ የሚናገረው ክፍል) ውስጥ የተጻፈ ቫርስ፣ ከዚያ የሮሉ ቫርስ፣ ከዚያ ሴት ፋክት (በሥራ መሃል እሴት የሚሰጥ ታስክ)፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮማንዱ ላይ በ«ሰረዝ ኢ» (-e) የሚሰጠው ኤክስትራ ቫርስ።

ከሰልፉ ውስጥ ሰው የሚያታልለው የሮሉ ቫርስ ነው። ሮል ሲፈጠር «ዲፎልትስ» እና «ቫርስ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አብረው ይመጣሉ፤ መንትያ ይመስላሉ፣ ግን አንዱ ከሰልፉ ግርጌ ሌላው ከላይ ነው የቆመው። ፖርቱን «ቫርስ» ውስጥ ያስቀመጠ ሰው በኋላ ለአንድ ሰርቨር ብቻ ሊቀይር ሆስት ቫርስ ላይ ቢጽፍ ምንም አይለወጥም። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም፤ ፕሌይቡኩ (ፕሌዮቹን የያዘው ፋይል) በአረንጓዴ ያልቃል። ስለዚህ ተጠቃሚ ሊቀይረው የሚችል ነገር ሁሉ ዲፎልትስ ውስጥ ይግባ። ቫርስ ውስጥ መቅረት ያለበት እንደ ፓኬጅ ስም ወይም የኮንፊግ ፋይል አድራሻ ያለ፣ ማንም እንዲነካው የማይፈለግ ነገር ብቻ ነው። ኤክስትራ ቫርስም የራሱ ጣጣ አለው፦ በ«ሰረዝ ኢ» የገባን ስም ፕሌይቡኩ ውስጥ ያለ ሴት ፋክት እንኳ ሊሽረው አይችልም።

በተግባር ያዋጣን፣ የሚቀየረውን እሴት በአራት ቦታ መወሰን ነው፦ ዲፎልትስ፣ ግሩፕ ቫርስ፣ ሆስት ቫርስ፣ ለአንድ ጊዜ ሥራ ደግሞ ኤክስትራ ቫርስ። ፕሌይ ውስጥ ቫርስ መጻፍን ከልክሉ። መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ሰርቨሩን ለይቶ ማስተካከል ሲመጣ ግን የሆስት ቫርስን መንገድ ይዘጋል።

አንድ ሰርቨር በሁለት ግሩፕ ውስጥ ሲሆንስ? ልጅ ግሩፕ ወላጁን ያሸንፋል፤ እኩያ ከሆኑ ግን በስማቸው የላቲን ፊደል ተራ ይነበቡና የኋለኛው ይጸናል። «ፕሮድ» እና «ዌብ» ላይ የተለያየ የሎግ ደረጃ ከተጻፈ የሚሠራው የ«ዌብ» ነው፣ ፊደሉ ኋላ ስለሚመጣ ብቻ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለፊደል ገበታ መተው አይገባም። «አንሲብል_ግሩፕ_ፕራዮሪቲ» የሚባል ቫሪያብል አለ፤ ዲፎልቱ 1 ነው፣ ቁጥሩ የበለጠው ያሸንፋል። የሚሠራው ግን ኢንቬንተሪው (የሰርቨሮቹ ዝርዝር) ራሱ ላይ ሲጻፍ እንጂ ግሩፕ ቫርስ ፋይል ውስጥ ሲገባ አይደለም።

ዲክሽነሪ (ብዙ ስምና እሴት በአንድ የያዘ ቫሪያብል) ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ግሩፕ ቫርስ ላይ ታይምአውት፣ የወርከር ብዛትና የአፕሎድ መጠን የያዘ አንድ ዲክሽነሪ አለ እንበል። ሆስት ቫርስ ላይ በዚያው ስም ታይምአውቱን ብቻ ብትጽፉ ሌሎቹ ሁለቱ ይጠፋሉ፤ አንሲብል ዲክሽነሪን ይተካል እንጂ አያዋህድም። ይህን የሚቀይር «ሃሽ_ቢሄቪየር» የሚባል ሴቲንግ ቢኖርም ከውጭ የወረዱ ሮሎችን ጭምር ስለሚነካ አትክፈቱት። መዋሃድ የግድ ካስፈለገ «ኮምባይን» የሚባል ፊልተር (እሴትን የሚለውጥ ተግባር) «ሪከርሲቭ» ተብሎ ይሠራል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ዲክሽነሪውን ትቶ ሦስት ተራ ቫሪያብል ማድረግ ነው።

ፋይሎቹ የሚጻፉበት ቅርጸት፣ ያምልም የራሱን ቀረጥ ያስከፍላል። ቨርዥን 1.10 ያለ ጥቅስ ምልክት ከተጻፈ 1.1 ሆኖ ይነበባል። የፋይል ፈቃድ ያለ መነሻ ዜሮ 644 ተብሎ በቁጥርነት ከገባ በስምንትዮሽ 1204 ይሆናል፤ ባለቤቱ እንኳ ፋይሉን የማንበብ ፈቃድ ያጣል። «0644» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ ጻፉት። መስመሩ በ«{{» (ቫሪያብል መጥሪያው ቅንፍ) የሚጀምር እሴትም ሙሉው በጥቅስ መታጠር አለበት፤ አለዚያ ያምል ዲክሽነሪ ይመስለዋል። በ«ሰረዝ ኢ» ስምና እሴት በእኩል ምልክት ሲሰጥ ሁሌም ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚገባው፤ «ፎልስ» ብትሉ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ነውና ቴምፕሌት (እሴት የሚሞላበት የፋይል ንድፍ) ውስጥ ያለ «ኢፍ» እውነት ብሎ ይቀበለዋል። ወይ «ቡል» ፊልተር ጨምሩ፣ ወይ ጄሰን በሚባለው የዳታ ቅርጸት ስጡት። ከአንሲብል ኮር 2.19 ጀምሮ «ዌን» (የታስክ ቅድመ ሁኔታ) ላይ ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) ያልሆነ ውጤት ኤረር ያስነሳል፤ ዘግይቶ የመጣ ጥሩ ጥብቅነት ነው።

ቫሪያብል የሚሰላው በተጻፈበት ቅጽበት ሳይሆን በተጠራ ቁጥር ነው። አንድ ቫሪያብል የአሁኑን ሰዓት እንዲይዝ ተደርጎ ለባክአፕ ፋይል ስም ከዋለ፣ ፋይሉን የሚፈጥረው ታስክና የሚያነሳው ታስክ የተለያየ ስም ሊያዩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ነው ሴት ፋክት የሚያስፈልገው፤ አንዴ አስልቶ ያጸናዋል። የታስክን ውጤት በስም የሚይዘው ሬጅስተርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ታስኩ ቢዘለልም ሬጅስተሩ ይጻፋል። ሁለት ታስኮች፣ አንዱ ለደቢያን ሊኑክስ ሌላው ለሬድሃት ሊኑክስ፣ ውጤታቸውን በአንድ ስም ካስመዘገቡ ደቢያን ላይ የተገኘውን ትክክለኛ ውጤት ሁለተኛው ታስክ «ተዘልሏል» በሚል ይደመስሰዋል።

አንድ እሴት ከየት እንደመጣ ለማወቅ «አንሲብል ኢንቬንተሪ»ን ከ«ሆስት» አማራጭና ከሰርቨሩ ስም ጋር ማስኬድ ብዙ ይረዳል። የሚያሳየው ግን ከኢንቬንተሪ በኩል የመጣውን ብቻ ነው፤ የሮል ዲፎልትስና ቫርስ እዚያ አይታዩም። ለእነሱ ታስኩ አጠገብ «ዲበግ» (እሴትን የሚያሳይ ታስክ) ከማስገባት ሌላ መንገድ አላገኘንም፤ ከመሣሪያው ድክመቶች ትልቁ ይህ ይመስለናል። ከ2.11 ጀምሮ ግን ሮሉ «አርጊዩመንት ስፔክስ» በሚባል ፋይል የሚቀበላቸውን ቫሪያብሎችና ዓይነታቸውን አስቀድሞ ማወጅ ይችላል፤ ግዴታ የሆነ ስም ከጎደለ ሥራው ሳይጀመር ይቆማል። ግማሽ መንገድ ሄዶ ከሚሰበር ይህ ይሻላል።

የይለፍ ቃሎች በቮልት (የአንሲብል መመስጠሪያ) ይቀመጣሉ፤ ምስጠራው ኤኢኤስ 256 ነው። አቀማመጡ ላይ ፋይሉን ሁለት አድርጉት፦ አንዱ የተመሰጠረ፣ ስሞቹ «ቮልት_» ብለው የሚጀምሩ፤ ሌላው ግልጽ፣ ተራውን ስም ወደ «ቮልት_» ስም የሚያመለክት። ሙሉ ፋይሉ ከተመሰጠረ በፍለጋ ስለማይገኝ፣ ግልጹ ፋይል ቢያንስ ስሙ የት እንዳለ ይናገራል። ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ ላይ ያለውን ብቻ መሆኑም አይዘንጋ። ይለፍ ቃሉን የሚጠቀመው ታስክ ላይ «ኖ ሎግ» (ውጤቱን የሚደብቀው) ካልተጨመረ፣ «ዲፍ» (የፋይል ለውጥን አሳይ) ተብሎ ሲሮጥ ከነሙሉ ፊደሉ ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል።