ዩሪያ፣ ኤን ፒ ኤስ ወይስ የቡና ገለፈት?

ዝናቡ ሲጀምር ስልኬ ዕረፍት የለውም። ከጅማ ዞን ወረዳዎች፣ ከጎማ የአክስቴ ልጅ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ የድሮ ጎረቤቴ፣ ከማና ደግሞ አማቼ ይደውላሉ፤ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ለቡናው የቱን ማዳበሪያ ልግዛ፣ ዩሪያ ወይስ ኤን ፒ ኤስ?» መልሴን አላቆየውም፦ ገለፈት፣ ማለትም ከቡና ፍሬው የሚላጠው ሽፋን፣ በአቅራቢያው ያለ ሰው የማዳበሪያ ከረጢት ለመግዛት አይቸኩል።

ሰው የሚከራከረው በከረጢቱ ዋጋ ነው። እኔ የማሰላው በውስጡ ያለውን ነው። 50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ማለትም ቅጠል የሚያለመልመውን ንጥረ ነገር፣ ይዟል። ያው 50 ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ግን 9.5 ኪሎ ብቻ ነው ያለው፤ ቀሪው ዋጋው ፎስፎረስና ድኝ ነው። የተጠራላችሁን ብር አንዱን ለ23፣ ሌላውን ለ9.5 አካፍሉት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ቅጠሉ ለገረጣ ያረጀ ቡና ኤን ፒ ኤስ የሚገዛ ሰው ናይትሮጅኑን ከእጥፍ በላይ ከፍሎበታል ማለት ነው። ኤን ፒ ኤስ ብሩን የሚመልሰው ችግኝ ሲተከል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ነው። ቀዩ አሲዳማ አፈራችን ፎስፎረስን አንቆ ስለሚይዝ ከላይ መበተኑ ብክነት ነው። ቡና ፍሬው ይዞት የሚሄደው ፖታሲየም ደግሞ በሁለቱም ከረጢት ውስጥ የለም። ገለፈቱ ውስጥ ግን ሞልቷል።

ዩሪያን አልጠላውም፤ የተሸጠልኝን ነው የምጠላው። ካቻምና ከገበያ፣ ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተሰፈረ በርካሽ ገዛሁ። ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ ቅጠሉ እንደገረጣ ቀረ። የተረፈውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመርሁት። እውነተኛ ዩሪያ ሲሟሟ ብርጭቆውን በእጅ እስኪታወቅ ያቀዘቅዘዋል፤ የእኔ አልቀዘቀዘም፣ ከታችም ነጭ ዝቃጭ ተኛ። ማንኪያ ላይ አድርጌ እሳት አስነካሁት፤ ዩሪያ ቀልጦ፣ ሸትቶ ያልቃል፤ የእኔ እንደ ጨው ተንጣጣ። ጨው ነበር! እንግዲህ ስፌቱ ያልተነካ ከረጢት ግዙ፤ የጨመራችሁትንም በአፈር ሸፍኑት፤ ፀሐይ ላይ ከተተወ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበናል።

ገለፈት ነፃ ነው የሚል ሰው ጋሪ ተከራይቶ አያውቅም። ከገለፈት የተሠራ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት (ብስባሽ) በኩንታል 2 ኪሎ ናይትሮጅን ከሰጠ ጥሩ ነው፤ አንዱን የዩሪያ ከረጢት ለመተካት 12 ኩንታል ግድም መሸከም ይጠይቃል። ማሳችሁ ከቡና ማጠቢያው ከራቀ የአህያው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። ቅርብ ከሆነ ግን፣ ባለማጠቢያው ራሱ እንዲነሳለት የሚፈልገውን ክምር ነው የምታነሱት።

በመጀመሪያው ዓመት ያልበሰለውን ግንዱ ሥር ከምሬ ቡናውን አስገረጣሁት፤ ገለፈቱ ለመበስበስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። አሁን ገለፈት፣ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር እያነባበርሁ፣ በየጊዜው እያገላበጥሁ ቢያንስ 3 ወር አቆየዋለሁ። ጠቁሮ፣ ሙቀቱ ወጥቶ፣ የጫካ አፈር ሲሸት ከግንዱ ራቅ አድርጌ በቅርንጫፎቹ ጥላ ጠርዝ ዙሪያ እቀብረዋለሁ።

ማኅበራችሁ ቡናውን በኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የሚሸጥ ከሆነ ንጽጽሩም አያስፈልግም፤ ሁለቱም ከረጢቶች ክልክል ናቸው።

አማቼ ግን ዘንድሮም ሁለት ከረጢት ዩሪያ ገዝተዋል። ብርጭቆውን እኔው ነኝ የያዝሁላቸው፤ ቀዝቅዟል።