ለወጣቶች ክፍሏ እህታችን ምስጋና፤ ልጆቻቸው ‹‹ናይት›› ለታዘዘላቸው ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የወጣቶች ክፍል የምትሠራ አማርኛም እንግሊዝኛም የምታቀላጥፍ እህት አለች። ስሜ አደባባይ አይውጣ ስላለች አንጠራትም። ስለ ሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚ ጀርመን በአውሮፓ አይሁዶች ላይ ስለፈጸመው የዘር ፍጅት፣ የተጻፉ መጻሕፍትን አንብበው የንባብ ማስታወሻ እንዲጽፉ ከትምህርት ቤት የታዘዙ ልጆችን ያለ ክፍያ ታግዛለች። እኛ ሥነ ጽሑፍ የምናስተምር ነን፤ በእጇ ያለፉ ደብተሮችን አይተን ነው ይህን በጋራ የጻፍነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም፤ 1944 በእኛ 1936 ስለሆነ ልጁን የሚያስጠና አባት ቀኑን በሐበሻ አስልቶ፣ 1936ን ደግሞ መልሶ እንደ አውሮፓውያን ዓመት ቆጥሮ ሁሉን ነገር ከጣልያን ወረራ ጋር ሲያደባልቀው ይታያል።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የኤሊ ቪዘል ‹‹ናይት›› ነው፤ አይሁዳዊው ጸሐፊ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ናዚ ካምፕ ተግዞ ያየውን የተረከበት። ቀጭን መጽሐፍ ነው፣ ወደ 115 ገጽ። ልጆች በአንድ ቅዳሜ ይጨርሱትና ማታውኑ ለመጻፍ ይቀመጣሉ። ደብተሩ ላይ የሚወጣው እንግዲህ ወይ የታሪኩ ማጠቃለያ ነው፣ ወይ ‹‹በጣም ያሳዝናል›› የምትል አንዲት መስመር። እህታችን መጽሐፉን ስድስት ቦታ ትከፍለዋለች፤ በአንድ መቀመጫ ከ20 ገጽ አይታለፍም፣ ከመኝታ በፊትም አይነበብም። የደብተሩ ገጽ ለሁለት ይሰመራል። በግራ ልጁን ቀጥ ያደረገው ዓረፍተ ነገር ከነገጽ ቁጥሩ ይገለበጣል፤ በቀኝ ያሰበው ይጻፋል፣ ከስምንት እስከ አሥር መስመር። የቀኙ ጽሑፍ ‹‹ተሰማኝ›› ብሎ እንዲጀምር አትፈቅድም፤ በቅድሚያ ያልገባውን ያስቀምጥ ባይ ናት።

የገጽ ቁጥሩ ነገር ቀላል ይመስላል። ግን የ1960ው የእንግሊዝኛ ትርጉምና ባለቤቱ ማሪዮን ቪዘል በ2006 እንደገና የተረጎመችው ገጻቸው አይገጥምም፤ ቃላቸውም ይለያያል። ልጁ ከታላቅ እህቱ በወረሰው አሮጌ ቅጂ ሲጠቅስ መምህሩ ፈልጎ ያጣዋል፣ ነጥብም ይቆረጣል። ስለዚህ የኅትመት ዓመቱ ከደብተሩ ሽፋን ላይ ይሰፍራል።

አንድ ደብተር ቀረብ ብለን እንይ፤ ልጁም ወላጆቹም ፈቅደዋል። ዘጠነኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ የጻፈው ‹‹እኔ ብሆን እሸሽ ነበር፤ ምን ሆነው ነው ዝም ብለው የጠበቁት?›› የሚል ነበር። ይህ አስተያየት በየደብተሩ ይገኛል፤ ብዙ መምህራን የ‹ራይት› ምልክት አድርገው ያልፉታል። እሷ በእርሳስ ዳር ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፈችበት፦ መቼ? ወዴት? በምን ወረቀት? ከዚያ አትላስ አውርዳ የቪዘልን የትውልድ ከተማ ሲጌትን እንዲፈልግ ሰጠችው። ከተማዋ የሩማንያ ነበረች፤ በ1940 ወደ ሃንጋሪ ተዛወረች። የጀርመን ጦር ሃንጋሪ የገባው ማርች 19 ቀን 1944 ነው። አይሁዶች መለያ የሆነውን ቢጫ ኮከብ መልበስ ግዴታ የሆነባቸው በኤፕሪል መጀመሪያ፣ ከሲጌት ባቡሮቹ የተነሡት በሜይ። ልጁ በጣቱ ቆጠረ፦ ከሁለት ወር ብዙም አያልፍም። በዚያ ፀደይና በጋ ከ400 ሺህ በላይ የሃንጋሪ አይሁዶች ተግዘዋል፤ አብዛኞቹ ናዚዎች በያዟት ፖላንድ ወደነበረው የኦሽዊትዝ ካምፕ።

ሁለተኛው ረቂቅ ይኸው (ሞይሼ የሚለው በመጽሐፉ ውስጥ ቀድሞ ተግዞ፣ ጭፍጨፋውን አይቶ፣ አምልጦ የተመለሰውን የሲጌት ሰው ነው)፦ ‹‹ይሸሹ ብዬ ነበር። በካርታው ላይ ዙሪያው ጀርመን ወይም የጀርመን ወዳጅ ነው። ግን ሞይሼ ያየውን መጥቶ ነግሯቸዋል። አሁን የሚያስጨንቀኝ ለምን እንዳላመኑት ነው። እኔስ፣ እናቴ እብድ ነው የምትለው ሰው እንዲህ ቢለኝ አምነዋለሁ? እንጃ።›› በእኛ ግምት ከዚያ ‹‹እንጃ›› የበለጠ የንባብ ምላሽ የለም።

ቋንቋው ላይም ጥንቁቅ ናት። በአማርኛ ‹‹ካምፕ›› ስንል ወታደር ወይም ስደተኛ የሚሰፍርበት ነው የሚታየን። ቤት ውስጥ በአማርኛ አስረድተውት የመጣ ልጅ በርገን ቤልሰንንም ትሬብሊንካንም አንድ አድርጎ ይጽፋል። የመጀመሪያው ማጎሪያ ነው፤ ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀበት፣ በአምስተርዳም ተደብቃ ማስታወሻ ትጽፍ የነበረችው አይሁዳዊት ልጅ አን ፍራንክና እህቷ ማርጎት በ1945 መጀመሪያ ያረፉት እዚያ ነው። ሁለተኛው ግን የተሠራው ለመግደል ብቻ ነው፤ ከባቡር የወረደው አብዛኛው ሰው ያንኑ ቀን ይገደል ነበር። ‹‹ማጎሪያ›› እና ‹‹መግደያ›› የሚሉትን ቃላት ለይታ ታስጽፋለች።

የአን ፍራንክን ማስታወሻ የሚያነቡት ደግሞ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ሰዎች በልባቸው ደጎች ናቸው የምትለዋን ሐሳብ አንሥተው በተስፋ ይደመድማሉ። እህታችን ከጎኑ ቀኑን ታስጽፋቸዋለች፦ ጁላይ 15 ቀን 1944። ከሥሩ ሌላ ቀን፦ ኦገስት 4፣ አን ከነቤተሰቧ የተያዘችበት። በመካከሉ ሦስት ሳምንት ነው ያለው። ሌላ ምንም አትልም። አን በዚያው ዓመት በሬዲዮ የሰማችውን ጥሪ ተከትላ፣ መጽሐፍ ይሆናል ብላ ማስታወሻዋን ራሷ እንደገና ትጽፍ እንደነበርም ታስታውሳቸዋለች፤ ‹‹የምስጢር ደብተር›› ብቻ ብሎ ማለፍ የጸሐፊነቷን ሥራ መቀማት ነውና።

‹‹እስረኛ እንደሆንክ አስበህ ደብዳቤ ጻፍ›› የሚል ትእዛዝ ከመጣ ለመምህሩ ማስታወሻ ትልካለች፤ ሌላ ምላሽ እንዲፈቀድም ትጠይቃለች። የዋሽንግተኑ የሆሎኮስት መታሰቢያ ሙዚየምም መምህራንን ከእንዲህ ያለ ማስመሰል እንዲርቁ ይመክራል፤ ልጁ መከራውን ያወቀው ይመስለዋል እንጂ አላወቀውም። ‹‹ባለ መስመር ፒጃማው ልጅ›› (The Boy in the Striped Pyjamas) የተባለው የጆን ቦይን መጽሐፍ ሲመጣ ደግሞ ‹‹ልቦለድ›› ብሎ በትልቁ ማስጻፍ ነው። የኦሽዊትዝ ሙዚየም በ2020 ታሪኩን የሚያጠናም የሚያስተምርም ሰው ይህን መጽሐፍ ይተወው ማለቱ ይታወቃል።

‹‹የእኛስ?›› የሚል ልጅ አይጠፋም፤ ፋሺስት ያደረሰውን ከአያቱ የሰማ። አታፍነውም። ፕሪሞ ሌቪን ትሰጠዋለች፤ ጣልያናዊ አይሁዳዊ፣ የቱሪን ሰው፣ ኬሚስት፣ ከኦሽዊትዝ ተርፎ ያየውን የጻፈ። ጣልያን በ1938 የዘር ሕግ አወጣች፤ ሌቪ በ1941 ሲመረቅ ዲፕሎማው ላይ የአይሁድ ዘር መሆኑ ተጻፈበት። ያው የሙሶሊኒ መንግሥት በ1937 በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በሕግ ከልክሎ ነበር። ሕግን ከሕግ ጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ የማን ሕመም ይበልጣል የሚለው ግን አይጻፍም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አንስማማም፦ ሌቪ ለዘጠነኛ ክፍል ይከብዳል፤ አሥራ አንደኛ ድረስ ቢቆይ እንመርጣለን።

መጨረሻ ላይ ወደ ዋሽንግተኑ ሙዚየም ትልካቸዋለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር ቀይ መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር፣ እዚያ ቀይሮ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ መውረድ ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ለዋናው ትርኢት ግን ሰዓት ያለው ቲኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ያስፈልጋል፣ በተለይ በፀደይ። በሊፍት አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ወደ ታች እያዩ መውረድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከግማሽ ያዙ። ከ11 ዓመት በታች ላለ ልጅ ዋናው ትርኢት አይመከርም። ልጆች ደብተሩን በቁጥር ይሞሉታል፤ እሷ የምትፈልገው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። አንዷ ተማሪ ፖላንድ ውስጥ ከነበረው የናዚ ካምፕ ከማይዳኔክ ከመጡት ጫማዎች መካከል አንዱን መርጣ ስለ ማሰሪያው ቀዳዳ ብቻ ግማሽ ገጽ ጻፈች።

ለማሳሰብ ያህል፦ ጽሑፉን አትጽፍላቸውም። ‹‹ነገ ነው ማስረከቢያው፣ አስተካክይለት›› ብሎ የመጣ ወላጅ ተቆጥቶ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ መጽሐፉን፣ የመምህሩን ትእዛዝ ወረቀትና ያልተነካካውን የመጀመሪያ ረቂቅ ያዙ። ጠረጴዛዋ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆይም፤ ተራው ረጅም ነው።

እህታችን፣ ክበሪልን።