የአርቪ-7 የጎማና የእግር ሽፋን፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አርቪ-7 ሰዎች ራሳቸው ከቫንስ ኤርክራፍት ኪት (ተገጣጣሚ ክፍሎች) የሚሠሩት ትንሽ አውሮፕላን ነው። ከኪቱ ጋር የሚመጣው የጎማ ሽፋን ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ፊትና ኋላ ሆኖ ለሁለት የሚከፈል ነው፤ የእግር ሽፋኑ ደግሞ ጎማውን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ያለብሳል። ብዙ ሠሪዎች የመጀመሪያዎቹን የሙከራ በረራዎች ያለ ሽፋን ይበራሉ፤ ፍሬኑ ዘይት ቢያንጠባጥብ ወይም ጎማው በአንድ ወገን ቢበላ ቶሎ ይታያልና። እዚህ የምጽፈው ሽፋኑ ከተገጠመ በኋላ ባሉት ወራት ስለታየው ነው።

ከፍጥነቱ ልጀምር። በአንድ ከፍታና በአንድ የሞተር ኃይል፣ የነፋሱን ተጽዕኖ ለማጣፋት በሦስት አቅጣጫ በጂፒኤስ ሲለካ፣ የጎማውና የእግሩ ሽፋን ተደምረው 8 ኖት (የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ) ገደማ ጨምረዋል። የጎማውን ብቻ ገጥሞ የእግሩን ለሌላ ጊዜ የሚያቆይ ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የተወው። እግሩ ክብ ዘንግ ነውና፤ ክብ ዘንግ በአየር ውስጥ የሚፈጥረው ጎታች ኃይል፣ ውፍረቱ እኩል ሆኖ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ካለው ዘንግ እስከ 10 እጥፍ ይደርሳል።

ገጠማው ሲጀመር ጎማው መሬት መንካት የለበትም። የአርቪ-7 እግር እንደ ስፕሪንግ የሚተጣጠፍ የብረት ዘንግ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ይከፈታል፤ መሬት ላይ የተለካ ልክ አየር ላይ አይሠራም። አውሮፕላኑ በክሪክና በጠንካራ ማቆሚያ ይነሣ፤ ጅራቱም ከፍ ብሎ የኮክፒቱ ሎንጀሮን (በአካሉ ርዝመት የሚሄደው ደጋፊ ብረት) በውሃ ልክ ይስተካከል። ከዚያ ከፊትና ከኋላ ቱምቢ ተጥሎ የአውሮፕላኑ መሐል መስመር ወለሉ ላይ በክር ይሰመራል። ሽፋኑ የሚከተለው ይህን መስመር ነው፤ ጎማው ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ቢያይም አብሮት አይዞርም። የሽፋኑ አፍንጫና ጭራ ከመሐል መስመሩ እኩል ይራቁ፤ ከጎን ሲታይም ከሎንጀሮኑ ጋር ትይዩ ይሁን።

ለከፍታው ጎማው አናት ላይ 1 ኢንች ውፍረት ያለው ፎም አስቀምጦ ሽፋኑን በላዩ ማሳረፍ ይበቃል። ክፍተቱን አጥብቡት የሚል ምክር ከሰማችሁ አትቀበሉ። አዲስ 5.00-5 (የጎማው መጠን) ጎማ ካረጀው በዲያሜትር ይበልጣል፤ ጭቃም ቦታ ይፈልጋል። ከታች ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ዙሪያውን ከጎማው ግማሽ ኢንች ያህል ይራቅ፤ ክብደት ያረፈበት ጎማ ወደ ጎን ያብጣል።

ሽፋኑን ከውስጥ ቅንፉ ጋር ለመብሳት መለኪያ አያስፈልግም። ቀለም ያልተቀባ ፋይበርግላስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከቅንፉ ጀርባ ጠንካራ ባትሪ ሲበራ ቀዳዳዎቹ ደማቅ ነጥብ ሆነው ከውጭ ይታያሉ። በትንሽ የድሪል ምላስ ነጥቡ ላይ ብሱ፣ በክሊኮ (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ለጊዜው በሚይዝ መቆንጠጫ) ያዙ፣ መስመሩን እንደገና ለኩ፤ ልክ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ወደ ቁጥር 8 ቪቴ አስፉት። የመስታወቱ ብናኝ ሳንባ ይጎዳልና ያለ ደህና ማስክ አይበሳም፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይፋቅም።

የእግሩ ሽፋን የኋላ ጠርዙ ላይ ባለ ረጅም ማጠፊያና የብረት ሽቦ ይዘጋል፤ ወደ ታች እንዳይንሸራተት እግሩ ላይ ፋሼታ ይታሰራል። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከዚህ ሽፋን ነው። ከላይና ከታች በሁለት ቦታ ከሽፋኑ የኋላ ጠርዝ ቱምቢ ጣሉ፤ ጠርዙና የእግሩ መሐል ከመሐል መስመሩ እኩል መራቅ አለባቸው። በዚህ አውሮፕላን እግሮቹ ከክብደት ማዕከሉ ፊት ስለሆኑ የተጣመመ ሽፋን ፊት ላይ እንደ ተተከለ መሪ ይሆናል፦ አውሮፕላኑ ወደ ጎን መንሸራተቱን የምታሳየው የመሣሪያ ኳስ ከመሐል ትወጣለች፣ አብራሪውም ፔዳሉን ሳይለቅ ይበራል። ከገጠማ በኋላ እንዲህ ካጋጠማችሁ የራደሩን (የጅራቱን መሪ) ትሪም (ማስተካከያ) ከመነካካታችሁ በፊት የእግሩን ሽፋን ለኩ። የፍሬኑ ቱቦም ከእግሩ ጋር በደንብ ይታሰር፤ ከሽፋኑ ጋር ከተፋተገ ይበላል።

ከወራት በኋላ ቀድሞ የሚደክመው የቪቴ ቀዳዳ ነው። ንዝረቱ ፋይበርግላሱን እየበላ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል። መጀመሪያውኑ ከቪቴው ራስ ሥር ሾጣጣ ሮንዴላ ማድረግ ይጠቅማል። የሰፋውን ደግሞ ጥጥ በተቀላቀለበት ኢፖክሲ ደፍኖ እንደገና መብሳት ይቻላል፤ ተራ ስቱኮ እዚህ ቦታ አይቆይም። ቪቴው በእጅ ካቻቢቴ ይጥበቅ እንጂ በድሪል አይሁን።

ስንጥቅ የሚጀምረው ከጎማው መውጫ ጠርዝ፣ በተለይ ከማዕዘኑ ነው። ማዕዘኑን ክብ አድርጎ ከውስጥ ሁለት ድርብ ጨርቅ በ45 ዲግሪ ማልበስ ያስቆመዋል። ከጎማው ኋላ በፎምና በፋይበርግላስ ትንሽ ግድግዳ መሥራትም ልፋቱን ይክሳል፤ ካልሆነ ሣርና ጭቃ ጭራው ውስጥ ይጠቀጠቃል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አይረሳ።

የፍሬን ሙቀት በቁም ነገር ይያዝ። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ሊጀምር ይችላል፤ ፍሬን እየረገጡ ረጅም መንገድ መሬት ላይ መንዳት ዲስኩን ከዚያ እጅግ በላይ ያሞቀዋል፣ ሽፋኑም ነፋስ ይከለክለዋል። ከካሊፐሩ (ዲስኩን ከሚጨብጠው የፍሬን ክፍል) ትይዩ ከውስጥ የአሉሚኒየም ቴፕ ተለጥፏል፤ እስካሁን ቀለሙ አልነፋም።

የጎማ አየር መለካት አሰልቺ እንዳይሆን ከቫልቩ ትይዩ ቀዳዳ ተበስቶ በክዳን ይዘጋል። የጎማው ጎን ላይ ከቫልቩ አቅጣጫ አንድ ነጭ መስመር ቀቡ፤ መስመሩ ወደ ታች ሲመጣ ይታይና ቫልቩ የት እንደቆመ ያለ ፍለጋ ይታወቃል። ይህ ትንሽ ነገር ካልተደረገ ሰው አየሩን መለካት ይተዋል፣ አየር ያነሰው ጎማም ያብጥና ሽፋኑን ይፍቃል።

አስፋልት ላይ ለሚያርፍ ሰው ሽፋኑን ሳልጠራጠር እመክራለሁ። እርጥብ ሣር ላይ የሚያርፍ በጭቃው ወቅት ያውልቀው። ሲወልቅም ሲገጠምም የክብደትና ሚዛን ሰነዱ ከሁኔታው ጋር ይስማማ፤ ሽፋኑ ሲጨመር ማዕከሉ ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለቱን ስሌት አስቀድሞ ሠርቶ አውሮፕላኑ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል።