«የሞቀ ሞተር አላይም» ላሉኝ መካኒክ ምስጋና፣ መኪና ለምትገዙም ጥቆማ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሰባት ወር ዘግይቻለሁ። የዘገየሁት ረስቼ ሳይሆን ፈርቼ ነው፤ ዛሬ ያመሰገንኩባት መኪና ነገ መንገድ ላይ ብትቆም ምን እላለሁ የሚል ስጋት ነበረብኝ። አሁን ግን ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ መኪናዋም ያን ሁሉ ዝናብና ጎርፍ አልፋ አንድም ቀን አላሳፈረችኝም፤ ስለዚህ ያገዙኝን ሰው በአደባባይ አለማመስገን ከእንግዲህ ነውር ይሆንብኛል።

መኪና ለመግዛት የተነሳሁት ለቅንጦት አልነበረም። እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነስተን ሆስፒታል ለመድረስ በየጊዜው የምንከፍለው የታክሲ ሂሳብ ከቤት ኪራያችን ሊስተካከል ተቃርቦ ነበር፤ ከእጥበት በኋላ ደክማ በዝናብ ውስጥ ቆማ መኪና ስትጠብቅ ማየት ደግሞ ከሂሳቡ ይብስ ነበር። እኔ ከዕቁብ፣ ባለቤቴም ከመሥሪያ ቤቱ የብድርና ቁጠባ ማኅበር አሰባስበን አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ብር ያዝን። ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አልነበረንም።

በዚህ ገንዘብ አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ ለሁለት ወር ያህል እንቅልፍ ነሳን። በሌላው አገር መኪና እያረጀ ሲሄድ ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፣ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አገር ውስጥ ያሉት ሁሉ ዋጋቸው ተሰቀለ። ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ ዕድሜ የማያንስ ቶዮታ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ስትጠራ ሰምቶ የማይደነግጥ ካለ ገበያውን የለመደ ሰው ነው። በሌላ በኩል አነስተኛዎቹ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ጥቂት ብድር ከተጨመረበት የማይደረስባቸው አልነበሩም። ባለቤቴ ወደ አዲሱ ያዘነብል ነበር፤ እኔ ደግሞ ያለ ምንም ዕውቀት ወደ አሮጌው።

ወደ ሰውየው ከመድረሴ በፊት የደረሰብኝን ካልነገርኳችሁ ምስጋናዬ አይገባችሁም። የመጀመሪያዋን ቪትዝ ያሳየን ደላላ «ሴት የያዘቻት፣ ቀለሟ የፋብሪካ፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ መንገድ የማታውቅ» እያለ እንደ ሙሽራ አሞገሳት። ነገ ሌላ ሰው ይወስድባችኋል ስላለን በችኮላ ሃምሳ ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን። ስም ለማዛወር ስንሄድ መኪናዋ በዕዳ ምክንያት እገዳ እንዳለባት ታወቀ። ቀብዳችንን ለማስመለስ ስንት ቀን እንደተመላለስን፣ ስንት ጊዜ ስልክ እንደተዘጋብንና በመጨረሻ ሃያ ሺህ ብር ብቻ ተሰጥቶን «ይህንንም ስለማከብራችሁ ነው» እንደተባልን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሁለተኛው ከዚህም የከፋ ነበር፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ተጠንቅቀን መካኒክ ይዘን ነው የሄድነው። መካኒኩ ከሥር ገባ፣ ከላይ ወጣ፣ ሞተሩን አስጮኸና «እንደ አዲስ ናት፣ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ» አለን። ገንዘቡን ልንከፍል አንድ ቀን ሲቀረን ባለቤቴ ልቡ አልቀበል ብሎት ግዢውን ሰረዘ። ደላላው በንዴት ደውሎ የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ እንደ ቀልድ ይነገራል፦ «እንዴት ትተዋላችሁ? ለመካኒካችሁ እኮ ከፍዬዋለሁ!» እኛም ከፍለነው ነበር።

በዚህ መካከል ነበር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳሪስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ የላከችኝ። ጋራዡ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከሦስት መኪና በላይ የማያስገባ ጠባብ ግቢ ነው። ባለቤቱ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አባት ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። ያለኝን ገንዘብ ነግሬአቸው አዲስ ልግዛ ወይስ አሮጌ ብዬ ስጠይቃቸው ስለ መኪና አንድም ቃል ሳይናገሩ «ልጄ፣ ማታ የት ታድራለች?» አሉኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምንኖር፣ መኪና የሚቆመውም በጋራ ግቢ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያው የኤሌክትሪክ ገመዱን ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ልታወርጂው ነው?» ብለው ሳቁ። ኤሌክትሪክ መኪናን አላጣጣሉም፤ የራሱ ግቢና ቆጣሪ ላለው ሰው ጥሩ ነገር እንደሆነ፣ እንደ እኛ ላለው ግን በየቀኑ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ መንከራተት እንደሚሆን፣ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ጤንነት እርሳቸው አረጋግጠው ሊነግሩኝ እንደማይችሉ በግልጽ ነገሩኝ። በዚህ ዘመን «ይህን አላውቅም» የሚል ባለሙያ ማግኘት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የተታለለ ሰው ያውቀዋል። የሁለት ወር ክርክራችንን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጨረሱት።

ስለ ክፍያቸውም ያሉኝን ልንገራችሁ። መኪናዋ ተገዛችም ቀረችም ሂሳባቸው አንድ ነው፤ የሚቀበሉትም ከማየታቸው በፊት ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ስትገዢ ብቻ የምትከፍዪኝ ከሆነ ዐይኔ መግዛትሽን ይመኛል፤ የተመኘ ዐይን ደግሞ ጉድለት አያይም» አሉኝ።

አብረን ያየናት የመጀመሪያ መኪና ሃያ ሁለት አካባቢ የቆመች ብርማ ቪትዝ ነበረች። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ጋሼ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ኮፈኑን ሳያስከፍቱ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉና ጥቂት ቆዩ፤ የልጅን ግንባር ትኩሳት የሚለኩ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው «ይህች ተነስታ ነበር፤ የሞቀ ሞተር አላይም፤ ነገ እንመለሳለን» ብለው መንገድ ጀመሩ። ሻጩ ከኋላችን እየተከተለ ይምላል፣ ደላላው ይለምናል፣ እኔም በልቤ ሰውየው አበዙት ማለቴን አልደብቅም። በማግሥቱ ሳንነግራቸው ግማሽ ሰዓት ቀድመን ደረስን። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ የወጣው ሰማያዊ ጭስ የጥበቃውን ቤት ሸፈነው። ስለ ጓርኒሲዮንና ስለ ሌላ አንድ ነገር አብራርተውልኝ ነበር፤ አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ጭስ ትናንት እንዳይታየን ተብሎ ሞተሩ አስቀድሞ እንዲሞቅ መደረጉ ብቻ ነው።

ሌላዋ ደግሞ 78 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ የተጓዘች ተብላ የቀረበችልን ነበረች። ጋሼ ወደ ሞተሩ እንኳ አልሄዱም። የሹፌሩን በር ከፍተው ቁጭ ብለው «እስቲ እጅሽን ወደዚህ አምጪ» አሉኝና ጣቴን ፍሬን መርገጫው ላይ አስቀመጡት። የጎማው ቦይ ከመሃል አልቆ በአንድ በኩል ብረቱ ይዳሰሳል። «ይህን ያህል ሺህ ብቻ የሄደች መኪና ይህንን አትበላም» አሉ በለሆሳስ፣ ሻጩ እንዳያፍር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀጥለው በመሐረብ የተጠቀለለች፣ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለች ማግኔት ከኪሳቸው አወጡና በሮቹ ላይ አንድ በአንድ አስጠጓት። በሦስቱ ላይ ተጣበቀች፤ ከኋላኛው የግራ በር ላይ ግን ተንሸራታ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ከሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ገላ የሚሞላበት መለሰኛ ነበር። ከዚህ በኋላ «ቀለሟ የፋብሪካ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያቺ ማግኔት ትዝ ትለኛለች።

አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ሳለሁ አንድ ደላላ ደውሎላቸው ድርሻ ሲያቀርብላቸው ሰማሁ። ስልኩን ከጆሯቸው ነጠል አድርገው ወደ እኔ ዞሩና «ይሄ ልጅ ሠላሳ ሺህ ልስጥህ እያለኝ ነው፤ መኪናዋ ደህና ናት ብሎ ቢያምን ኖሮ ለእኔ ይህን ባላወጣ» ብለው ደላላው እየሰማ ነገሩኝና ስልኩን ዘጉት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የነካው አራተኛዋን መኪና ልናይ በተቀጣጠርንበት ቀን ያደረጉት ነው። እናቴ ሌሊቱን ታምማ ስላደረች መሄድ አልቻልኩም፤ እርሳቸው ግን ቀጠሮ አይፈርስም ብለው ብቻቸውን ሄደው አይተው፣ «አልሆነችም፤ ደክመሽ እንዳትመጪ» ብለው ደወሉልኝ። ሂሳቡን ልላክ ስል «ለእናትሽ ብርቱካን ግዢበት» አሉኝ። ለኩላሊት ሕመምተኛ ብርቱካን እንደማይፈቀድ አያውቁም ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም። ስልኩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

የገዛናት አምስተኛዋን ነው። በመልክ ከሁሉም የምታንስ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ በሯ የተጫጫረ፣ ካየናቸውም በዕድሜ የገፋች ቪትዝ ናት። ጋሼ ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን ይዘው ወጡባትና «ራዲዮኑን ዝጊው፣ እርሷ ትናገር» ብለው መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ። ላይ ስንደርስ «ቀለሟ ያስጠላል እንጂ ልቧ ጤነኛ ነው» አሉ። ከመፈራረማችን በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው፣ ማለትም ከባለቤትነት ደብተሯ ጋር አመሳከሩ፣ ዕዳና እገዳ የለባትም የሚል ማረጋገጫ ሳልይዝ ቀብድም ቢሆን እንዳልሰጥ አስጠነቀቁኝ፣ ውልና ማስረጃ ዘንድም ራሳቸው አብረውኝ ተሰለፉ። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር ከፈልን። የተረፈውን ወንበር ላስለብስበት ስል ተቆጡኝ፤ ለጎማ፣ ለዘይትና ለባትሪ እንዳስቀምጠው አዘዙኝ። «ባትሪዋ እስከ ፋሲካ ያደርስሻል» ብለው ነበር። ከፋሲካ ቀጥሎ በዋለው ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ደውዬ ስነግራቸው «አራት ቀን አተረፈችልሽ» ብለው ሳቁ።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይም እንደ እኛ አንድ ጊዜ ብቻ የመሳሳት አቅም እንኳ የሌላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እኚህን አባት አግኟቸው። አዲስ ልግዛ ወይስ አሮጌ ብላችሁ የተቸገራችሁም ሄዳችሁ አማክሯቸው፤ ለምክር አያስከፍሉም። ደግሜ እላለሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሂዱ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅደውልኛል። ቀጠሮ የሚሰጡት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብቻ ነው፤ ያረፈደ ሰው አይጠብቁም። እሑድ ቅዳሴ ስለሚሄዱ አትደውሉላቸው።