አይኤፍኤስፒ1፦ አሪፍ ነው፣ ግን የአይጥ ሴል ላይ እንዳትደክሙ (ከ5 ኮከብ 3 ተኩል)

ላብራቶሪ የምትሰሩ ልጆች ስለ አይኤፍኤስፒ1 (የካንሰር ሴል ለማጥናት ላብራቶሪ ውስጥ የምንጠቀምበት ኬሚካል ነው) ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። እዚህ ጀርመን ላብራቶሪያችን 5 ሚሊግራም ነው ያዘዘው፣ ዱቄቱ ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ አቧራ ተለጥፎ ስለሚመጣ መጀመሪያ ሳየው ባዶ የላኩልን መስሎኝ ልደውልላቸው ነበር። ሳትከፍቱት በፊት ሴንትሪፊውጅ ላይ ትንሽ አሽከርክሩት፣ አለበለዚያ ግማሹ ክዳኑ ላይ ይቀራል። ዲኤምኤስኦ በሚባለው ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ ግን ያለ ችግር ይሟሟል።

ለምን እንደተገዛ ለማታውቁት፦ ፌሮፕቶሲስ ለሚባለው ሴል የሚሞትበት መንገድ በ2012 (በፈረንጆቹ) ስም ያወጡለት ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስኮት ዲክሰንና ብሬንት ስቶክዌል ናቸው። ነገሩ ቅቤ ሲሸት የሚሆነው ነው በሉት፣ የሴሉ ሽፋን ስብ አይደል፣ ብረት ባለበት ኦክስጅን እየበላው ይሄድና በመጨረሻ ይቀደዳል። ሴሉ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፣ ጂፒኤክስ4 የሚባል ኢንዛይም አለው፣ ግሉታታዮን በሚባል ሞለኪውል እየታገዘ የተበላሸውን ስብ ያስተካክላል። አርኤስኤል3 የሚባለው ኬሚካል ይሄን ኢንዛይም ይዘጋል፣ ኢራስቲን የሚባለው ደግሞ የግሉታታዮን መሥሪያ የሆነው ሲስቲን ሴሉ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክልና ግሉታታዮኑ ራሱ ያልቃል። ችግሩ አንዳንድ የካንሰር ሴል ጂፒኤክስ4ን ዘግታችሁበትም ምንም አይመስለውም። ለምን እንደሆነ በ2019 የሙኒኩ የማርከስ ኮንራድ ቡድንና የበርክሌዩ የጄምስ ኦልዝማን ቡድን ለየብቻ ደረሱበት፦ ኤፍኤስፒ1 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ተቀምጦ ኮኪው10 የሚባለውን ስቡን ከመበላሸት የሚከላከል ሞለኪውል እያደሰ ስቡን ያስጠብቃል። ቅቤው ውስጥ የገባው ኮሰረት ኃይሉ ባለቀ ቁጥር መልሶ የሚያድስ ሰው አለ እንደማለት። አይኤፍኤስፒ1 ያን ሰውዬ ነው የሚያስረው።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። አይኤፍኤስፒ1ን ከአርኤስኤል3 ጋር መጀመሪያ የሞከርኩት 4ቲ1 ላይ ነው፣ የአይጥ የጡት ካንሰር ሴል፣ እና ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም! ሚዲያውን (ሴሉ የሚያድግበትን ፈሳሽ) ቀየርኩ፣ አዲስ አርኤስኤል3 በጠበጥኩ፣ አድቫይዘሬ እጄን መጠራጠር ጀመረች፣ እኔም ጀመርኩ። ለካ መድሃኒቱ የሰውን ኤፍኤስፒ1 ብቻ ነው የሚይዘው፣ የአይጡን አይነካም። ሻጩ ይሄን ገጹ ላይ በጉልህ ቢጽፈው ምን ነበረበት? ስጠይቃቸው "ጽሑፎቹን ይመልከቱ" ብለው መለሱልኝ፣ አንዱ ኮከብ እዚያ ነው የሄደው።

ከዛ ኤች460 ላይ፣ የሰው የሳንባ ካንሰር ሴል ነው፣ አርኤስኤል3 ብቻውን ሳደርግ ሴሎቹ ተዝናንተው ተቀምጠዋል፣ አይኤፍኤስፒ1 ብቻውንም እንደዛው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርግ ግን ጠዋት መጥቼ ማይክሮስኮፑን ሳይ ሴሎቹ እንደ ፊኛ ተነፍተው ከፕሌቱ (ሴል ከምናሳድግበት ባለ ትናንሽ ጉድጓድ ሳህን) ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ፌሮፕቶሲስን የሚከላከለውን ፌሮስታቲን የጨመርኩበት ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ደግሞ ምንም አልሆኑም፣ ስለዚህ የሞቱት በፌሮፕቶሲስ ነው፣ በመርዝ ብቻ አይደለም። ቦዲፒ ሲ11 የሚባለውን ቀለም ብትጠቀሙ ስቡ ሲበላሽ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ሲዞር በአይናችሁ ታያላችሁ፣ እኔ አስር ጊዜ ነው ፎቶ ያነሳሁት። ፌሮስታቲን ያለበት ጉድጓድ ግን ሁሌም ይኑራችሁ፣ የአይኤፍኤስፒ1ን መጠን ከፍ ሳደርገው እኔ ጋ ፌሮስታቲኑም አላዳናቸውም፣ ያ እንግዲህ ሌላ ነገር እየነካ ነው ማለት ነው። እኔ 3 ማይክሮሞላር ላይ ቆምኩ።

ሌላው ያታለለኝ የሴሉ ብዛት ነው። ሴሎች ሲጠጋጉ በራሳቸው ፌሮፕቶሲስን ይቋቋማሉ፣ አርብ የሞላ ፕሌት ላይ የሰራሁት ሰኞ ከሰራሁት ጋር ጭራሽ አልገናኝ አለኝ፣ ቆጥራችሁ ዝሩ።

አክስቴ ደውላ "ያ የምትሰራበት መድሃኒት እዚህ ፋርማሲ ይገኛል ወይ፣ ጎረቤቴ ታማብኛለች" ብላ ጠየቀችኝና ምን እንደምላት ጨነቀኝ። ፕሌት ላይ ላለ ሴል ነው አልኳት፣ እውነቱም እሱ ነው፣ አርኤስኤል3 ራሱ ሰውነት ውስጥ የሚሆን አይደለም። በ2023 የኮንራድ ቡድን ያወጣው አይሲኤፍኤስፒ1 የሚባል ሌላ የኤፍኤስፒ1 ማገጃ አይጥ ውስጥ እጢውን አዘግይቷል፣ እዛም ግን ሴሎቹ የሰውን ኤፍኤስፒ1 እንዲይዙ መደረግ ነበረባቸው፣ ያው የአይጡን ስለማይይዝ።

ለሰው ሴል ከሆነ ግዙት። 1 ሚሊግራሙ ይበቃችኋል፣ እኛ ካዘዝነው 5 ገና ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ አለ።