ስትራቫ ወይስ ደብተር? የጫማና የብስክሌት ኪሎ ሜትር አቆጣጠር

የሩጫ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል። ግን ማን ይቁጠር?

ስትራቫ ላይ፣ ማለትም ሩጫና የብስክሌት ጉዞ በሚመዘግበው የስልክ መተግበሪያ ላይ፣ ጫማህን አንዴ ትመዘግባለህ። ከዚያ በኋላ የሮጥከው በራሱ ይደመራል፤ የወሰንክለት ርቀት ሲሞላም ይነግርሃል። ለብስክሌት ሰንሰለቱንና ጎማውን ለየብቻ መመዝገብ ይቻላል። ጣጣው ሁለት ጫማ ለሚያፈራርቅ ሰው ነው። መተግበሪያው የትኛውን እንዳደረግክ በምን ያውቃል? ካልቀየርክለት የእንጦጦን ዳገት ለአስፋልት ጫማህ ይደምርልሃል።

ደብተር ቻርጅ አይፈልግም፣ ኔትወርክም አይል። ደግሞም «የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል» ብለህ ትጽፍበታለህ። ይህን ስልክህ አያይልህም። ግን አንድ ሳምንት ከዘለልክ አለቀ፣ ድምሩ ግምት ይሆናል።

ለጫማ ብቻ ከሆነ እኔ ለደብተሩ አደላለሁ። ለብስክሌት ግን ያለ ጥርጥር ስትራቫ። ያለቀ ሰንሰለት ቶሎ ካልተቀየረ የኋላውን ጥርስ ይበላዋል፤ ያ ደግሞ ከሰንሰለቱ በላይ ኪስ ይጎዳል። ቢሆንም ቁጥሩን ብቻ አትመን። የሰንሰለት መለኪያ (የሰንሰለቱን ማለቅ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ) ካለህ አልፎ አልፎ አስገባበት፤ አቧራና ጭቃ የጠገበ ሰንሰለት ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላ ያልቃል።